የማትነሣ መኪናዬን በየማለዳው ለሚገፉልኝ የእድራችን ዳኛ

ለተከበሩ አቶ ሽባባው
የሰፈራችን እድር ዳኛ
እንጅባራ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ወገብዎ ጤንነት እጠይቃለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጎንበስ ብለው መራመድዎን ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ ስለማይ፣ ፈጣሪ ፈጥኖ እንዲያቃናዎ በቤተሰብ ጸሎታችን ላይ ስምዎን እየጠራን እንገኛለን። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከእርስዎ ጋር ተሰልፈው ጭቃ ለጭቃ መኪናዬን ለሚገፉልኝ የእድሩ አባላት ሁሉ ዕድሜና ጉልበት ይስጥልኝ። እኔ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ጢሞቲዎስ ዓለምነው፣ በጣም ደኅና ነኝ። መኪናዬም እንደ እኔው በጣም ደኅና ናት፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ደኅንነቷ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በሐምሌ መጨረሻ ጎረቤታችን ወይዘሮ እቴናት ጓሯቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸው በተሰበረ ጊዜ፣ እርስዎ ራስዎ በዝናብ ርሰው ደጄን አንኳኩ። አምቡላንሷ ወላድ ልታመጣ ወደ ገጠር ወጥታ ነበር። እኔም በመስኮት ብቅ ብዬ፣ ማስነሻው ሞተሪኖ ተበላሽቶ መኪናዋ አልነሣም እንዳለችኝ በታላቅ ሐዘን ነገርሁዎ። እርስዎም «እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ» ብለውኝ ባጃጅ ፍለጋ ሮጡ። ወይዘሮ እቴናት የተሰበረ እግራቸው በባጃጇ በር ወደ ውጭ ተርፎ፣ በዚያ በድንጋዩ መንገድ እየተንገጫገጩ ሆስፒታል ደረሱ። ሞተሪኖው ግን ምንም አልሆነም ነበር። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ አዲስ የወንበር ልብስ አሰፍቼ ከመጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝምና፣ የሴትዮዋን ጭቃ አስቤ ለወንበሬ ሳሳሁ።

ይህን ካስረዳሁ ዘንዳ፣ በእድሩ ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

፩. የመጀመሪያው ቅሬታዬ እድሩ ያለ ምንም ማጣራት ያመነኝ መሆኑ ነው። ከቀብር የቀረ ሰው «አሞኝ ነበር» ሲል ምስክር አቅርብ የሚለው ይህ የተከበረ እድር፣ እኔን በመስኮት በኩል በተናገርሁት ቃል ብቻ በነፃ አሰናበተኝ። እርግጥ መኪናዋ ለሐሜት የተመቸች ናት፤ ከትዳሬ በዕድሜ ትበልጣለች፣ የኋላ መስኮቷ በእጅ ካልተደገፈ አይወጣም፣ ማቀዝቀዣዋ ሙቅ አየር ብቻ ነው የሚተፋው (በእንጅባራ ብርድ ይህን ጉድለት ብሎ የከሰሳት የለም)፣ የጥሊሊን ዳገት ስትወጣም ከነዳጁ ይልቅ ጩኸቷ ይበዛል። ነገር ግን በእኔ እጅ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ ቁልፍ ዞሮላት ያልተነሣችበት አንድም ማለዳ የለም። ያለቻት አንዲት እውነተኛ ሙያ ይህች ነበረች፤ ያንኑ ሙያዋን መርጬ ስሟን አጠፋሁ።

፪. ሁለተኛው ቅሬታዬ ርኅራኄያችሁን ይመለከታል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እርስዎና አምስት ጎረቤቶች «ልጆቹ ከክረምት ትምህርታቸው እንዳይቀሩ» ብላችሁ ልትገፉልኝ ደጄ ላይ ተሰለፋችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ገብቼ መሪ ያዝሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እኔ በደረቁ ወንበር ላይ ተቀምጬ እናንተ ጭቃ ውስጥ ትገፋላችሁ። የዚህችን መኪና ንድፍ ያወጡት ሰዎች አንድ ቀን ደኅና ሰዎች ያለ ምክንያት እንደሚገፏት ስላልጠረጠሩ፣ ትርፍ ጎማዋን የኋላ በሯ መካከል ላይ ሰቅለውታል፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ የለም። እርስዎም ትከሻዎን ከጎማው ጋር አጋጥመው ሲገፉ ነው ወገብዎ የተቀጨው። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ፣ መኪናዋ አንዴ አጉረምርማ ትነሣለች፤ እናንተም ታጨበጭባላችሁ። በስፖኪዮው ውስጥ ፊታችሁን ከጭቃ ስትጠርጉ አያችኋለሁ። እጄንም በመስኮት አውጥቼ አመሰግናለሁ። ከዚህ የበለጠ ውርደት በሕይወቴ አልደረሰብኝም፤ ያደረሳችሁብኝም እናንተ ናችሁ።

«ታዲያ ለምን አዲስ ሞተሪኖ ተገጠመላት ብለህ አልተገላገልህም» ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ማን ገጠመልህ ብላችሁ፣ ሰውየውን ልታመሰግኑ ጋራዥ ድረስ ተሰብስባችሁ እንደምትሄዱ ስለማውቅ ተውሁት። ከእናንተ ጋር መዋሸት እንዲህ አድካሚ ነው።

፫. ይህችን መኪና የገዛሁ ሰሞን ልትመርቁ በመጣችሁ ጊዜ ወንበሮቿን አጋድሜ ያሳየኋችሁን አልረሳችሁም። የፊቱ መደገፊያ ወደ ኋላ ይተኛና ከኋላው ወንበር ጋር ገጥሞ አልጋ ይሆናል። «በሽተኛ ቤቱ እንደተኛ ሆኖ ይሄድባታል» ብዬ የፎከርሁት እኔ ነኝ። «መኪና ያለው አባል ለበሽተኛ ያወጣል» የሚለው አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ይግባ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ይህን ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ሊያስታውሰኝ አልፈለገም። የሆስፒታሉ ሐኪም ግን ሳያውቀኝ አስታወሰኝ፤ ወይዘሮ እቴናት ተጋድመው መጥተው ቢሆን አጥንቱ ከቦታው ባልተንሸራተተ ነበር ማለቱን እርስዎው ነዎት ሱቄ መጥተው በቅን ልብ የነገሩኝ። ነገ ሐሙስ ባሕር ዳር ቀጠሮ አላቸው። ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ወይም ቀሪ ዕድሜያቸውን በምርኩዝ ይኑሩ የሚለው ነገ ይታወቃል። እኔ ይህን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ጸጸት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ባለቤቴ ኢየሩስ የምታውቀውን ታውቃለችና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በመኪናዋ አልተሳፈረችም። እኔ ባዶ ወንበር ይዤ ሳልፋት በዝናብ ጥግ ጥጉን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ይህንንም ከእናንተ የተማረችው ይመስለኛል።

፬. የመጨረሻው ቅሬታዬ፣ በሽተኛ መጠየቅን እስከ ብረት ድረስ ማዳረሳችሁ ነው። ባለፈው እሑድ ወይዘሮ እቴናት በሁለት ምርኩዝ መንገዱን ተሻግረው መኪናዬን ሊጠይቁ መጡ። ኮፈኗን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፣ ብረትም ይታመማል። አንተ ምን ታደርግ?» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተውም ትኩስ ቅቅል ድንች ሰጡኝ። እላቸው ዘንድ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ቆመው እያዩኝ ስለነበረ ግን ድንቹን በላሁ፣ ምርቃታቸውን ተቀበልሁ፣ ገባሁ።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ዳኛ ሆይ፣ በመላው አባላት ፊት የምጠይቀው ይህ ነው። ደንቡን ጥሶ የተገኘ አባል የሚቀጣውን ቅጣት ሳይቀንሱ፣ «የዋህ ነው፣ ተሳስቶ ነው» ሳይሉ ይቅጡኝ። ወይዘሮ እቴናትን ባሕር ዳር እንዲያደርስ ለነገ ያነጋገራችሁትን ሚኒባስ እባክዎ ይመልሱት። ወንበሮቹን ከአሁኑ አጋድሜ ፍራሽ አንጥፌአለሁ፤ ሲነጋጋ በወይዘሮ እቴናት ደጅ እገኛለሁ። ሊገፋ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ለሁሉም ይንገሩልኝ። እርስዎም ነገ ይረፉ፤ ወገብዎን በሙቅ ውኃ ያሹት።

በወገብዎ ስብራት፣ በጎረቤቶቼ ጭቃና በአንዲት ደግ ሴት እግር ላይ ተደላድሎ እስከ ዛሬ የተቀመጠ፣ ምስጋናችሁንና ጭብጨባችሁን ያለ አንዳች ሥራ ያካበተ፣ በእድሩ ቸልተኝነት እስካሁን ያልተቀጣ ትሑት አባልዎ፣

ጢሞቲዎስ ዓለምነው

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ዛሬ ረቡዕ በእጅዎ ይደርሳል፤ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ግን ነገ እኛ ከተነሣን በኋላ እንዲለጠፍ እለምናለሁ። ወይዘሮ እቴናት ፊደል ስለማይለዩ ማንም አስቀድሞ እንዳያነብላቸው። እኔው ራሴ መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ሳንደርስ ልነግራቸው ወስኛለሁ፤ ድፍረቱ ካነሰኝም ከዳንግላ አላሳልፈውም። ነገር ግን እኔን እርስዎም አሁን ያውቁኛል። ከባሕር ዳር ተመልሰን ወይዘሮ እቴናት ልክ እንደ እሑዱ እየመረቁኝ ከመኪናዬ ሲወርዱ ካዩ፣ አልነገርኋቸውም ማለት ነውና፣ እዚያው ደጃፋቸው ላይ እኔን ክንዴን ይዘው አቁመው ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።