እማዬ፣ ከባድ ዕቃ አላነሣሁም

ውድ እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? ብርድ ሲገባ ያ ቁርጥማት እንደሚነሣብሽ አውቃለሁ፤ አባዬን አስቸግሪው እንጂ ውኃ አንቺ አትቅጂ። እሱንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብል እጄ እንቢ አለኝ።

በስልክ "ልጄ አልተረፈችልኝም" ብዬሽ ዘጋሁት። አንቺም እያለቀስሽ "ምን ከባድ ዕቃ አንሥተሽ ነው?" አልሽኝ። ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብላለችና ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ ሰው አገር ሕፃናት መዋያ መሥራቴን ታውቂያለሽ። ልጆቹን ትኩሳት ቢጤ ያዛቸው፤ ጉንጫቸው በጥፊ የተመታ ይመስል ቀላ። እነሱ ወዲያው መቦረቅ ጀመሩ። እኔንም ትንሽ አተኮሰኝ፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጣጠመኝና ተወኝ። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ልጄ በሆዴ ውስጥ መንቀሳቀስ አቆመች። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ፣ በጎኔ ተኛሁ፣ በእጄ እየዳበስኩ አባበልኳት። ምንም የለም፤ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መስታወት ወደ ራሷ ስታዞረው ገባኝ። "ልቧ አይመታም" አለችኝ ቀስ ብላ። እንደ ማንኛዋም ወላድ አምጬ ወለድኳት፣ እማዬ። እልል የሚል ቀርቶ "በርቺ" የሚለኝ ዘመድ አልነበረም፤ ከግድግዳው ማዶ የሌላ ሰው ልጅ ያለቅሳል። አዋላጇ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። ሙቀቷ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ ብርድ እንዳይነካት ሸፈንኳት።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ፣ "የልጆቹ ቫይረስ ነው፤ ወደ አንቺ ተላልፎ የፅንሷን ደም ጨረሰው። ባነሣሽው ዕቃ አይደለም፣ በሠራሽው ሥራም አይደለም" አለችኝ። ድገሚልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ደገመችልኝ።

ባለቤቴ ትንሿን አልጋ ፈታትቶ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሸጎጠና ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ። ቤት ውስጥ ለብቻዬ ቀረሁ። ጡቴ ወተት አግቶ ሲያሠቃየኝ ምን ላድርግ ብዬ የምጠይቀው አጣሁ። ጎረቤቴ "ገና ወጣት ነሽ" ብላኝ ሊፍት ውስጥ ገባች። በቋንቋዬ "ያጥናሽ" የሚለኝ ባጣ፣ አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ለራሴ "ያጥናሽ" አልኩ።

አሁን አንድ ነገር አደራ። ምራትሽ ነፍሰ ጡር ናት፣ የምታስተምረውም ሕፃናትን ነው። ጉንጩ የቀላ ተማሪ ካየች፣ ወይም ትኩሳት ከተሰማት፣ ሳትውል ሳታድር ሄዳ ደሟን ትመርመር። ቫይረሱ ከያዛቸው እርጉዞች ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይወልዳሉ ብለውኛልና አታስደንግጫት፤ እጇን ይዘሽ ንገሪያት።

ወንድሜን ሳሚልኝ፣ ሚስቱን ደህና አድርጎ ይያዝ። ታናሼን፣ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ በያት፤ ሳልመልስላት የቀረሁት ስታለቅስ ሰምቼ ነው። አክስቴ ለልጄ የጀመረችውን ሹራብ እንዳትተረትረው፤ ለወንድሜ ልጅ ትጨርሰው።

አባዬ ምንም አይጠይቅሽም፣ አውቀዋለሁ። ሳይጠይቅሽ ንገሪው፦ ግንባሯ የእሱ ነበር።

ልጅሽ
ከመኖሪያ ቤቴ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር ፱