ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን የት እንደነበርኩ

ብዙነሽ፣ ብዙዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያሽረዋል ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። የኔ ቁስል መሻር እንደማያውቅ ግን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ሃያ ዓመት ሙሉ ቅባት የቀባሽኝ አንቺ ነሽ።

ካንቺ ወዲህ የቆዳ በሽታዬ ብሶበታል። ከክርንና ከጉልበቴ አልፎ መዳፌንና አንገቴን ይዞታል። ሐኪሙ ጭንቀት ያባብሰዋል ብሏል፤ ጭንቀቱ የሚቆምበትን መድኃኒት ግን አልጻፈልኝም። እጄ የሚደርስበትን ሁሉ እቀባለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ግን አይደርስም። ልጃችንን ትዕግሥትን ቅቢኝ ለማለት አፈርኩ። አንቺ "ዛሬም እንደ ሽንኩርት ተላጥክ" እያልሽ ስትስቂብኝ እኔም እስቅ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ እንኳ አጣሁ።

እዚህ ሲቀላ፣ በቆላው ሙቀት ሹራብ ለብሼ ስወጣ ጎረቤቶች ወባ ያዘህ ወይ ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ወባ የተከበረ በሽታ ነው፤ ከወባ የሚሸሽ የለም። የኔን ግን አይተላለፍም ብሎ ሐኪም ቢምልላቸውም ብርጭቆዬን ይለያሉ። አንድ ቀን የሸመንኳቸውን ጋቢዎች እንዳንቺ ራሴ ይዤ ገበያ ወጣሁ። የድሮ ደንበኛሽ እጄን ስታይ ያነሳችውን ጋቢ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ሠርቼ በሰው እልካለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብልሽ ዋናውን ነገር ፈርቼ ነው። ልጃችንን በድያታለሁ።

ባለፈው ወር ለትዕግሥት ሽማግሌ ተላከ። ልጁን ታውቂዋለሽ፤ አብሯት የሚያስተምረው፣ ታመሽ ሳለ ሁለቴ መጥቶ የጠየቀሽ ያ ዝምተኛ ልጅ ነው። ቀኑ ሲደርስ መዳፌ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ መጨባበጥ አለ፣ አብሮ መቁረስ አለ። እጄን ሲያዩ ዘር ነው፣ ነገ ልጅቷም ላይ ይወጣል ቢሉስ? ጠዋት ትዕግሥትን ጠርቼ፣ «አባቴ ድንገት ለቅሶ ተነግሮት ዶርዜ ወጥቷል» በያቸው አልኳት። ለመነችኝ፣ አለቀሰች፤ አልሰማኋትም። የምሸምንበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማሁ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቋት። ይህን አላሰብንበትም ነበር። ልጅሽ ውሸት የት ታውቃለች፤ አፏ ላይ የመጣላትን፣ የአጎቴ ሚስት ናት አለች። ነፍስ ይማር ብለው ወጡ። እኔ ሞኙ ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ለቅሶ የሰማ ሰው ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ እንዴት ረሳሁ፣ ብዙዬ? ዝምድና ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ሐዘናችንን ሳይደርሱ ሊቀሩ ኖሯል? በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዶርዜ ወጡ። የወንድሜ ደጃፍ ላይ እያለቀሱ ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ሞተች የተባለችው ሴት ራሷ ናት። በሌላ ሰው ደርሶ ብንሰማ ኖሮ አንቺና እኔ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ወንድሜ ደውሎ የሚባለውን ሁሉ አለኝ። ሽማግሌዎቹም፣ በቁም ያለን ሰው የሚገድል ቤት ምን ቢደብቅ ነው ብለው ላኩብን። ትዕግሥት ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ትሄድ ጀመር። በአራተኛው ቀን ሹራቤን አውልቄ፣ የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ፣ በጠራራ ፀሐይ ትልቁ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። መንገደኛው ሁሉ እጄን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። አሳየኋቸው፤ እውነቱንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንመካከርበታለን አሉኝ። እጃቸውን ግን አልዘረጉልኝም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ እስካሁን የመጣ ቃል የለም።

የዚያን ቀን ስመለስ ትዕግሥት ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ላይ ቢወጣ፣ እኔንም ትደብቀኛለህ?»

እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አልደብቅሽም ማለት ነበረብኝ። ራሱን የሚደብቅ ሰው ልጄን አልደብቅም ቢል ማን ያምነዋል? እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ያስጨንቀኛል። አንዳንዴ፣ እውነቴን ነው ብዙዬ፣ ምነው በአንቺ ፈንታ እኔ በሄድኩ እላለሁ። አንቺ ብትተርፊ ሽማግሌዎቹን ማን ከዶርዜ ደጃፍ ያደርሳቸው ነበር?

የሚመጣው ወር ሙት ዓመትሽ ነው። የተቀበርሽ ቀን የሰው እጅ ላለመጨበጥ ጋቢ ተከናንቤ ጥግ ተቀመጥኩ፤ ሰውም ሐዘኑ ከብዶት ነው ብሎ ተወኝ። አልቅሼልሽ ሳይሆን ተደብቄ ነው የቀበርኩሽ። በሙት ዓመትሽ ግን በር ላይ እቆማለሁ። የመጣውን ሁሉ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ፤ የሚጨብጠኝ ይጨብጠኝ፣ የማይጨብጠኝም ይለፈኝ። ትዕግሥት አጠገቤ ቆማ ታያለች። ሌላ መልስ የለኝም፤ አንቺን የማስብበትም ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

እፈራለሁ። የዚያን ጠዋት ተነስቼ ሹራቤን እፈልግ ይሆናል። ላንቺ ግን ዋሽቼ ስለማላውቅ፣ እንዳልሸሽ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ባልሽ