ያልጎደለው በርሜል

ነሐሴ 3
አርዲቦ አጠገብ ያለው የውሃ ጉድጓድ ጋ ዋልኩ። ውሃው ላይ ክሎሪን የሚያንጠባጥበው ሳጥን ሲስተሙ አርጅቷል፣ ወደ አዲሱ ይዛወር ተብሏል። ላፕቶፑን ሰካሁ፣ ጫንኩ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። አዲሱ ሰዓቱን እንኳ ራሱ ከኔትወርክ ይወስዳል። "ተገላገልኩ" አለ ሀሚዱ፣ ፓምፑን የሚያስነሳው። እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን በእጁ ሲሞላ ነበር።

ነሐሴ 6
የአምባሰሉንም ጨረስኩ። ከውጫሌ በላይ ባጃጅ የለም፤ እግሬ አለቀ። እዚያ ፓምፑን የያዘችው ማንጠግቦሽ ናት። ንፍሮ አበላችኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ነሐሴ 11
እህቴ መሪማ ከአርዲቦ ደወለች። "ውሃው እኮ ጣፈጠ። ያ በረኪና በረኪና የሚለው ጠፋ። ሰዉ ዱዓ እያደረገልህ ነው።" ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።
ግን ሽታው ለምን ጠፋ?

ነሐሴ 14
ሀሚዱ፦ "የክሎሪኑ በርሜል አልጎደለም። አዲሱ ቆጣቢ ነው ልበል?"
አረንጓዴው እንደበራ ነው አለኝ። ቢሆንም ሄጄ ልየው... ዝናቡ ያባራና።

ነሐሴ 16
አላባራም። የመሪማን ልጅ ሀያን ትውከትና ተቅማጥ ይዟታል። የጎረቤት ልጆችንም።

ነሐሴ 17
ሀያ ጤና ጣቢያ ተኝታለች፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ በረርኩ።
በርሜሉ ሙሉ ነው። ሳጥኑን ከፈትኩ። "ከአንድ እስከ አራት አንጠባጥብ" የሚለው ትእዛዝ ከድሮው እንዳለ ተዛውሯል። ልክ ነው፣ ሀሚዱ ፓምፑን የሚያስነሳው ጧት ከአንድ እስከ አራት ነው። ሰዓቱን አየሁ። በእኛ ስምንት ነው፤ ሳጥኑ አሥራ አራት ይላል።
የፈረንጅ ሰዓት! ሀሚዱ ይሞላ የነበረው በሀበሻ ነው። እዚህ አገር ማን በሌላ ይሞላል? አዲሱ ግን የፈረንጁን ወሰደ። ሳጥኑ ክሎሪኑን የሚጠብቀው ሌሊት፣ ፓምፑ ቆሞ ነው። ውሃ ካልፈሰሰ ደግሞ አያንጠባጥብም። እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አልገባችም... ሰዓቱን በየትኛው ነው የምትሞላው ብዬ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። አስተካከልኩት።
አምባሰል ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ነሐሴ 18
ሀያ ዓይኗን ገለጠች፣ አልሐምዱሊላህ። መሪማ "አብሽር፣ አለፈ" ትለኛለች፣ እኔን ልታጽናና። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ፈራሁ።
ማንጠግቦሽ አሁን ነው ያነሳችው። "ውሃውን አትጠጡ፣ ለሰዉ ንገሪ" አልኳት።
"ማን ቤቱ አለና? ሁሉም ቀብር ወርዷል።"
"የማን ቀብር?"
"የትናንቱን ነው የዛሬውን?"