የዳማው ገመድ

ባሱንዳ፣ ሱዳን፣ ኅዳር 12

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽን ብርድ ሲነካው ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ? እኛ አለን። አባባ ከሐዘኑ ወዲህ ብዙ አይናገርም፣ ምግብ ግን ይቀምሳል። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ደብዳቤ ወደ ገላባት ለሚሄድ ሾፌር ነው የምሰጠው።

ያንቺ ደብዳቤ የወንድማለም አርባ በወጣ ማግስት ደረሰኝ። ሁለት ነገር ብለሽኛል። አንደኛው፣ በዚያ ፈረስ ብቻህን አትሂድ፣ አባባን ለምነህ አሽጠው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያን ገመድ ከእጁ ጋር ምን ሰይጣን አሳሰረው የሚል ነው።

የመጀመሪያው ይቀላል። ዳማው አልተሸጠም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለአጫጆቹ ውሃና ዳቦ የማደርሰው እኔ ሆኛለሁ፣ የወንድማለምን ሥራ ወርሼ። ግን እጠነቀቃለሁ። ስወጣ ለጎረቤታችን ለዩኑስ በየት በኩል እንደምሄድ እነግረዋለሁ። እሱም፣ አንተ ልጅ፣ የኒሟ ዛፍ ጥላ ከሥሯ ሳይገባ ካልተመለስክ የአህያ ካሮዬን አስነስቼ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ጅራፉ ለአህያዋ አይደለም ይለኛል። በደረቁ ወንዝ፣ በኾሩ ውስጥ አላልፍም፣ ዳር ዳሩን ነው የምሄደው። የማላውቀው ሰው ከጠራኝ ሳልወርድ ከሩቅ እመልስለታለሁ። የዳማውን ጆሮ አያለሁ፤ ጆሮው ሲቆም እኔም እቆማለሁ። የምጠጣውን ውሃ ከኮርቻው ላይ ሳይሆን ከትከሻዬ ነው የማንጠለጥለው፤ ፈረሱ ጥሎኝ ቢሄድ ውሃው ከእኔ ጋር ይቀራል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ወንድማለም ነው።

ሁለተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ወረቀት ሳበላሽ ከረምኩ።

በክረምቱ የጎረቤት እርሻ ጠባቂው ተኸስተ ውሃ ሊጠጣ ከፈረሱ ወረደ። ሽፍቶች ልጓሙን ይዘው ፈረሱን ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያለ ፈረሰኛ ሁሉ የመሳቢያውን ገመድ ከእጁ አንጓ ጋር ያስራል። ፈረሴን የሚወስድ እኔንም ይውሰደኝ እያሉ ይፎክራሉ።

ወንድማለም የሞተ ዕለት አብሬው ልሄድ ነበር፤ ፈተና ስለነበረኝ ብቻውን ሄደ። ሽፍታ አልመጣበትም፣ እታለም። ነፋስ ያነሳው የላስቲክ ሸራ ነው ዳማውን ያስደነበረው። ወደቀ። ገመዱ አልለቀቀውም። ፈረሱ እስከ ኾሩ አፋፍ ድረስ ጎተተው።

ያገኘው ዩኑስ ነው። ዳማው አጠገቡ ቆሞ ሣር ይግጥ ነበር አለ። ቋጠሮው አልፈታ ስላለው በቢላ ቆረጠው። ለቅሶው ላይ፣ ምስኪን፣ ምን ብሎ ነው እንዲህ ያጠበቀው ሲል ሰማሁት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባባ ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶም አቀረቀረ።

ገመዱ የታሰረው ከቀኝ እጁ ጋር ነበር፤ በግራው ልጓም ስለሚይዝ። ወንድማለም ግራኝ እንዳልነበረ አንቺም ታውቂያለሽ፤ በግራው ብቻ እንዲህ አጥብቆ አይቋጥርም።

ወደ መተማ የሄድሽ ዕለት ስንቅሽን የቋጠርኩልሽ እኔ ነበርኩ። በጥርስሽ እንኳ አልፈታ ብሎሽ ከረጢቱን በቢላ ቀደድሽው። ማታ ደውለሽ፣ የዚህን ልጅ ቋጠሮ ሰይጣንም አይፈታው ብለሽ ስትሰድቢኝ ወንድማለም ከት ብሎ ሳቀ። ለመጨረሻ ጊዜ በወጣበትም ጠዋት፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶልኝ ቆሞ፣ ያንኑ ስድብሽን አስታውሶ ስቆ ነበር።

አሁን ገመዱን በእጄ ጨብጬ ብቻ ነው የምይዘው። ዳማውን የፈለገ ይውሰደው።

ደክሞኛል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ መምህሩ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ስትመልሺልኝ በአባባ ስም ሳይሆን በእኔ ስም ጻፊው። ብትሰድቢኝም ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ። የልጆችሽን ወጥቶ መግባት ያሳይሽ። ሾፌሩ ደብዳቤውን በክር እሰረው ብሎኝ ነበር፤ አጥፌ ብቻ እሰጠዋለሁ።

የቀረሽ ወንድምሽ