ለሲንቄ ፕሮቲን ጸለይን

ሲምቦዬ፣ ጌታ መውጣት መግባትሽን ይባርክ፤ እዚያ ባሕር ማዶ የሴንት ፖል ብርድም አይንካሽ። እኛ ደህና ነን።

በኢሞ ያስረዳሽኝን፣ አንቺ የምታጠኚውን ፕሮቲን ለጸሎት ቡድናችን ነገርኳቸው። ጂኖችን እያዘዘ የተበላሸውን ሴል «ማደግህን አቁም፤ ካልተጠገንክም ሙት» ይለዋል፤ እሱ ራሱ ሲበላሽ ግን ካንሰር ሊመጣ ይችላል አልኳቸው። ሴቶቹ ወዲያው «ጌታ ሆይ፣ የሲንቄን ፕሮቲን አበርታልን!» ብለው ጮኹልሽ። ካንሰሩን የምትታገለው አክስትሽ ሲንቄ ራሷ አሜን ልትል ሳቅ አፈናት። ትናንት ደግሞ ሐኪሟ «እብጠቱ በመድኃኒቱ ጠፍቷል» ሲላት ክሊኒኩ ውስጥ እልል አልንበት!

የእጅሽን ሥራ ያከናውንልሽ ልጄ። ግን ቅዳሜና እሁድንም ላቦራቶሪ እንደምትውዪ ሰምቻለሁ። ጤነኛ ሴል በቃ ሲሉት ይቆማል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። እኔም በቃ ብያለሁ፤ ለገና ነይልኝ።

እናትሽ