በምሳ ሰዓት ስለተሰበረው ክንድ

ለተከበሩ የምግብና መጠጥ ቤቶች ሥርዓት አስከባሪ ኃላፊ
አምቦ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነዱላ ያዦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእኛ ጤና በእጅዎ ከወደቀ ወዲህ ፈጣሪ የሚጠብቀው የእርስዎን ብቻ ነውና አደራውን አያጓድልብዎ።

ልዩ ተሬፋ እባላለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ የነበረው ምግብ ቤት ባለቤት ነኝ፤ «የነበረው» ያልኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት ነው። በዚያ ቤት የወለጋ ሾፌር በቅቤ የራሰ ጩምቦውን፣ የጉራጌ ነጋዴ ክትፎውን ከሐሮ ወንጪ በመጣ ቆጮ፣ ከአዲግራት የመጣ ተማሪ ጥህሎውን በአንድ ጣሪያ ሥር ይበላ ነበር። ሁሉንም የሚያሰናዳው ወጥ ሠሪያችን ገብረአማኑኤል፣ ሲቆጣ በትግርኛ፣ ሲቀልድ በኦሮምኛ የሚናገር ሰው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ እንግዶችዎን ይዘው ስለጎበኙን አመሰግናለሁ። ባዶ ወንበር አልነበረም። በመስኮቱ ጥግ ከሸነን የመጡት ገበሬ ኦቦ ዱጋሳ ልጃቸውን ጂቱን ከሐኪም ቤት አውጥተው ያጎርሷት ነበር። እርስዎም በተለመደው ትሕትናዎ «እነዚህን አንሱልኝ» አሉ። ሽማግሌው ብድግ ብለው፣ «ጎፍታኮ፣ ጌታዬ፣ ልጄ ከበሽታ ገና መነሣቷ ነው፤ ትጨርስና እንሄዳለን» ብለው ለመኑዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ልመናቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀው ነው እኮ ለአጃቢዎ ለኢብሳ በአገጭዎ ምልክት የሰጡት። ዱላው አፋቸው ላይ አረፈ፤ ጥርሳቸው ከነደሙ ትሪው ላይ ወደቀ። ጂቱ አባቷ ላይ ስትደፋ ቀጣዩ ምት ጀርባዋን አገኘው። ያኔ ገብረአማኑኤል የሙቀጫውን ዘነዘና እንደያዘ ከማድ ቤት ወጥቶ፣ «አባት ይመታል እንዴ?» እያለ የኢብሳን መንጋጋ ሰበረው። የቀሩት አጃቢዎችዎ ተረባርበው ጣሉት። እርስዎ «ቀኝ እጁን!» ብለው ሲያዙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክንዱን የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ዘርግተው በጫማ ረገጡት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ቤቱ በሙሉ ሰማ። እኔም መስተንግዶ እንዳይጎድል ብዬ የፈላ ሽሮ ከነድስቱ ወረወርኩልዎ። ያገኘው ሱሪዎን ብቻ በመሆኑ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ምግብ ቤቴን ሲያሽጉ በሩ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ወለሉ ላይ ደም በመገኘቱ፣ በንጽሕና ጉድለት» ይላል። እውነት ነው፣ ተገኝቷል። የማን እንደሆነ መጻፍ ስለረሱ ልሙላልዎ፦ መስኮቱ ሥር ያለው የኦቦ ዱጋሳ ነው፤ ደፉ ላይ ያለው የገብረአማኑኤል።

እሱ አሁን «ባለሥልጣን በመድፈር» ተብሎ ጣቢያ ነው፤ ክንዱ በጣውላ ታስሯል። በግራው መብላት ስላልሆነለት ስንቅ የምታመላልሰው ጂቱ በፍርግርጉ በኩል ታጎርሰዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉደር እስከ ጊንጪ የገቡበት ምግብ ቤት ሁሉ «ክቡርነትዎ፣ አልቋል» እንደሚልዎት ሰምቼ አፈርኩባቸው። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ጥብሱ እየጨሰ «አልቋል» ማለት ነውር ነው። ስብሰባ የጠራ፣ ያደመ ሰው የለም። ሕዝቡ ራሱ ነው እንዲህ ያለ ባለጌ የሆነው።

የምግብ ፍላጎትዎን እንዲያበዛልዎ፣ የሚያቀርብልዎን ሰው ግን እንዲነሣዎ ፈጣሪዋን ሌት ተቀን የምትለምን፣

ትሑት አገልጋይዎ
ልዩ ተሬፋ
ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ፦ ትናንት ኢብሳ መንጋጋው በፋሻ እንደታሰረ ደጄ መጣ። ቢላዋ አንሥቼ ነበር፤ እሱ ግን በጥርሱ መሃል «ኦቦ ዱጋሳ እግር ላይ ጣሉኝ» አለኝ። ወሰድኩት። ተንበርክኮ አለቀሰና ዱላውን ያዘዘው ማን እንደሆነ ችሎት ቆሞ ሊመሰክር ማለላቸው። ለጊዜው ቃል በደንብ አይወጣለትም። ስለዚህ መንጋጋው ለገብረአማኑኤል የችሎት ቀጠሮ እንዲደርስ ጠዋትና ማታ አጥሚት እያፈላሁለት ነው፤ እርስዎም በጸሎትዎ ያስቡት።