የበሬው ዓይን

ሃይደራባድ፣ ሲንድ
ኖቬምበር 14 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለሞመል፤

እንዴት ነሽ? ሆላንድ ብርዱ ጀምሯል ብለሻል፤ ካልሲ ደርበሽ አድርጊ፣ በባዶ ሆድሽም ከቤት አትውጪ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተማሪዎቼም መደወል ትተዋል፣ ደግ አደረጉ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። መጽሐፌ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ እንደገና ሊታተም መሆኑን፣ መግቢያውንም አንቺ እንድትጽፊ መጠየቅሽን ሳነብ አለቀስኩ። የደስታ እንዳይመስልሽ። የፈቃድ ወረቀቱን እስካሁን ያልፈረምኩትም ረስቼው አይደለም።

ስለ ጉል የሚያወራውን ምዕራፍ ታውቂዋለሽ። አንባቢ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። ለጥናቴ በሄድንበት መንደር፣ በመስኖው ቦይ መጨረሻ የባለመሬቱን መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው ነበር። አንቺ አራት ዓመትሽ ነው ያኔ። አንድ ዓይና በሬው ላይ አስቀምጦሽ "ይቺ ልጅ ከናቷ የተሻለ ታርሳለች!" እያለ ሲስቅ ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም።

ባለመሬቱ የውኃ መክፈቻውን በድብቅ አስፍቶ ውኃውን ከላይ ላለው ማሳው ያስቀረው ነበር፤ የታችኞቹ መሬት ጨው እያወጣ ይሞታል። ሦስት ወር ሙሉ ስጠይቅ ሁሉም "ወንዙ ጎድሎ ነው" ይሉኛል። ጉል ግን ወስዶ ቀዳዳውን በስንዝሩ እየለካ አሳየኝ።

"ስሜን እንዳትጽፊ ብቻ" አለኝ።

"አልጽፍም" አልኩት።

ደግሞም አልጻፍኩም። እኛ ተመራማሪዎች የምንኮራበት ጥንቃቄ ነው። የመንደሩን ስም ለወጥኩ፤ ሰውየውን ጉል አልኩት፤ እውነተኛዎቹ ስሞች የነበሩበትን ወረቀት እንኳ በእጄ ቀድጄ ጣልኩ። በሬውን ግን እንዳለ ተውኩት። በግራ ዓይኑ የማያይ፣ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ትልሙን የሚያወላግድ በሬ። እንዴት ላውጣው? ምዕራፉ ላይ ነፍስ የዘራበት እሱ ነበር። አስተማሪዬ ሳይቀሩ ረቂቁ ዳር ላይ "ግሩም!" ብለው ጽፈውበታል። በዚያ ቦይ ዳር ከላይ እስከ ታች እንዲህ ያለ በሬ አንድ ብቻ ነበር።

የባለመሬቱ ልጅ እዚሁ ከተማ ይማር ነበር። መጽሐፉን ገዝቶ አገሩ ወሰደውና በአባቱ የእንግዳ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ ሻይ ሲጠጣ፣ ወደ ሲንድኛ እየመለሰ አነበበላቸው። በሬው ጋ ሲደርስ አንዱ ጎረቤት ከት ብሎ ሳቀና "እንዴ! ይሄማ የኛ ሰውዬ በሬ ነው!" አለ። በክፋት አይደለም፤ መንደሩ መጽሐፍ ላይ መውጣቱ ደስ ብሎት ነው። ሁሉም ሳቁ። ባለመሬቱም አብሮ ሳቀ። ጉልም እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ።

በሳምንቱ ውኃው ማሳው ጋ መድረስ አቆመ። ጥጡ ሳይለቀም "ልቀቅ" ተባለ። እኔ ሁለት መጽሐፍና አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዤ ስሄድ ጣሪያ የሌለው ጎጆ ጠበቀኝ፤ ማገሩን ነቅለው ይዘው ሄደዋል። ጣፋጩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። በዓመቱ ጉልን ጡብ መተኮሻ ምድጃ ላይ ሲሠራ ሙቀቱ ገደለው ሲሉ ሰማሁ። በዚያው ወር ነው የማዕረግ ዕድገቴ የመጣው። ለቅሶ አልደረስኩም፤ ፈራሁ። የበሬውን ገጽ ግን ለሃያ ዓመት ለተማሪ ሁሉ አነበብኩት፤ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ደስ ይለኝ ነበር።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ ሚስቱን ሳባጊን አፈላልጌ አገኘኋት። አሁንም እዚያው ጡብ መተኮሻው ዘንድ የጡብ ጭቃ ታቦካለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ? አርጅተሻል እኮ!"

"አርጅቻለሁ።"

"ጠግቦ የሚያድርም ያረጃል ለካ።"

የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ስሙን የለወጥኩት ከአደጋ ልጠብቀው ብዬ መሆኑን ነገርኳት።

"እሱንስ ሰምቻለሁ" አለች። "ታዲያ በሬውን ሁለት ዓይን ብትሰጪው ምን ይጎድልብሽ ነበር?"

መጽሐፉ እንደገና ሊታተም መሆኑን፣ ካልፈለገች እንደማስቀረው ነገርኳት።

"ማን ብለሽዋል እዚያ ላይ?"

"ጉል።"

"እኔ ጉል የሚባል ሰው አላገባሁም። አሁን ደግሞ ምን እንዳያደርጉት ነው የምትደብቂው እህት ዓለም? ሞቷል እኮ! ይታተም። ስሙን ግን መልሺለት።"

"እሺ" ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። እስክሪብቶዬንም ከፈትኩ። እጄ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳባጊ ጭቃውን ትታ ፊቴን ስታየኝ ቆየች።

"ረስተሽዋል" አለች።

ሞመል፣ ረስቼዋለሁ። የበሬው ዓይን ግራ መሆኑን ሳልረሳ የሰውየውን ስም ረሳሁ። ማስታወሻዎቼ ሁሉ ጉል ነው የሚሉት። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ስሙን ነገረችኝና ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መግቢያው ላይ ይህን ሁሉ ጻፊው። እናቴ ናት ብለሽ አታለሳልሺው። አሳታሚዎቹ እምቢ ካሉ መጽሐፉ ይቅር።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ እጅሽንም እንደኔ ካለው ስህተት ይጠብቅልሽ።

እናትሽ
ዛሂዳ

ጉል የሚለው ሁሉ ወጥቶ በቦታው የሚገባው ስም ይህ ነው፤ አደራ፣ አጻጻፉን እንዳትሳቺ፦ ካሚሶ። የጁሞ ልጅ ካሚሶ።